ያልተነጠፈው አልጋ

ወደ ማረፊያው የሚገባ ሠዓሊ መጀመሪያ ጆሮው ይመረመራል። የፋውንዴሽኑ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ዘረጋች፤ የወኪሌን ማዳመጫ ከቀኝ ጆሮዬ አውጥታ ፎጣው ላይ አኖረች፤ መነጽሬን ጨመረችና ሁለቱንም አሸገች። "አታስቢ፣ ወኪልሽ ከተማ ሆና ሥራዋን ትቀጥላለች" አለችኝ። እኔም አላሰብኩም። ድምፄንና አነጋገሬን የተማረችው ማሽን፣ ወኪሌ፣ በሌለሁበት ስልኬን እያነሳች፣ የጓደኞቼን ልደት እያስታወሰች፣ በየበዓሉ በእኔ ድምፅ እንኳን አደረሳችሁ እያለች ከረመች። መሄዴን ያወቀ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ማረፊያው ከሠዓሊ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ማንም ሳይመክረው፣ በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ባሕሩን እንዲስል። ሥዕሎቹ ሲያልቁ "ያለ ረዳት የተሠራ" የሚል ማኅተም ይመታባቸዋል። ዛሬ ሰው የሚሻማው ለማኅተሙ ነው፤ ከማኅተሙ አልፎ ሥዕሉን ያየ አለ ብዬ አልምልም። ቢሆንም ሲጠሩኝ ሮጬ መጣሁ፣ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

ባሕሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሕፃን ሳለሁ እዚህ የነበረው የጨው ሜዳ ነው። አንድ ዓመት ውሃው ከምሥራቅ ገባና በዚያው ቀረ። እስካሁን በስሙ ላይ አልተስማሙም፤ ካርታው ላይ የተጻፈለት ቁጥር ነው። የድሮው አስፋልት ኮረብታውን ይወርድና በማረፊያው በር አልፎ ውሃው ውስጥ ይገባል። መሐሉ ላይ ያለው ነጭ መስመር ከውሃው በታች ጥቂት ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። የሥዕል ማቆሚያዬን የማቆመው እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ መስመሩ ውሃ በሚነካበት ቦታ ነበር። የሚመጣ መኪና የለም።

ጠዋት የማጣሪያው ሞተር ሲነሳ እነሳለሁ። ከባሕሩ ከተጣራው ውሃ አንድ ጀሪካን ይደርሰኛል፤ ግማሹ ለመጠጥና ለምግብ፣ የቀረው ለብሩሾቼና ለገላዬ። ብሩሹ እንደሚቀድም ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ጨው የማይቀመጥበት ነገር የለም፤ ቀለሙ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ። ንፋስ ሲበረታ ሸራውን በድንጋይ አስሬ አጠገቡ እቀመጥና ሳልስል እውላለሁ። ፀሐይ ስትገባ ክፍሌ ውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስልክ አንድ ሰው አነጋግራለሁ። መደወል የሚፈቀደው ወደ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሲመዘግቡኝ የአባቴን ሰጠሁ።

አባቴ ሮቤል ኮምቦልቻ ውስጥ ታፔላ ሠሪ ነው። የሱቅ ስም፣ የጭነት መኪና በር፣ የምግብ ቤት ግድግዳ፣ በከተማው እሱ ያልጻፈበት ነገር ጥቂት ነው። በሰፈራችን ወኪል ሳያወጣ የቀረውም እሱ ብቻ ነበር። ቁጥሩን የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ስደውል የሚያነሳው ራሱ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። በሌላ ሰው ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ወኪል "አንተ ራስህ ነህ?" ተብሎ ከተጠየቀ መዋሸት አይፈቀድለትም፤ ሕጉ ዝም እንዲል ያዘዋል። ስለዚህ ጨዋ ሰው አይጠይቅም። አንድ ጎረቤታችን ሚስቱን በስልክ ጠይቆ ዝምታውን ሰማ፤ ትዳራቸው ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘለቀም።

ከአባቴ ጋር የምናወራው ግን ወሬ ሊባል አይችልም። "በላሽ?" ይላል። በላሁ እላለሁ። "ይሞቃል?" ይላል። ይሞቃል እላለሁ። "በይ እሺ" ይልና ይዘጋዋል። ስንብት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። ሥራዬንም አይወደውም፤ "የማይነበብ ታፔላ" ይለዋል። ባሕር በዓይኑ ሳያይ ስንት ባሕር ሠርቷል። የሰይድ አሳ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው የእሱ ነው፤ ሞገዱ ሁሉ ወደ ቀኝ የታጠፈ መንጠቆ ነው፣ ረድፍ በረድፍ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። ልጅ ሆኜ ከዚያ የሚበልጥ ባሕር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሮጬ የመጣሁበት ምክንያት ይኸው ነው። ሥራው ሲያበቃ የእንግዳ ቀን የሚባል አለ። ሠዓሊው አንድ ሰው በአካል ይጋብዛል፤ እንግዳው አድሮ፣ ሥዕሎቹን ፋውንዴሽኑ ከመውሰዱ በፊት ያያል። ወኪል አይቆጠርም። አባቴን አምጥቼ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ላቆመው፣ ባሕሩን እንዲያይ፣ ከዚያ ዞር ብሎ የእኔን እንዲያይ፣ አንድ ቃል እንዲናገር ፈለግኩ። መጥፎ ቃልም ቢሆን።

በማረፊያው ከእኔ ሌላ ያለው ሰው ያዮ ነው። ጥበቃውም፣ የሞተር ሠራተኛውም፣ ወጥ ሠሪውም እሱ ነው። አፋር ነው፤ ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቁጣ የሚያምርበት ሰው። አያቱ ጨው ይቆርጡ የነበረበትን ቦታ ውሃው መሐል በጣቱ ያሳየኛል። ወኪል አላወጣም። "እኔ በሕይወት እያለሁ ስለ እኔ የሚያወራው ማን ነው?" ይላል።

በየጠዋቱ ጀሪካኑን በሬ ላይ ያስቀምጥና ጥላው ውስጥ ቁጭ ይላል። ዳጉ ነው። በእነሱ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ወሬ መለዋወጥ ግዴታ ነው። ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ከማን እንደሰማኸው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፤ ከዚያ ተራው የሌላው ነው። ከዋሸህ ወይም ከደበቅክ ሰው ሆነህ አትቆጠርም። ያዮ ይጀምራል፦ ሞተሩ ትንሽ አስሏል፣ የሞተ አሳ ዳር ላይ አይቷል፣ በዚያ ማዶ ከብቶች ይጠጡበት የነበረው ምንጭ ጨዋማ መሆኑን ከአጎቱ ልጅ ሰምቷል፣ የአጎቱ ልጅ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞርና "አንቺስ፣ ምን አለ?" ይላል።

እኔ ምን ይኖረኛል? ሰማያዊው አለቀብኝ እላለሁ። አንዱን ሸራ አበላሸሁ እላለሁ። አንድ ጊዜ የረሳሁት ነገር ነበርና ተቆጣኝ፤ ትናንት እግሯ ቀይ የሆነ ወፍ አጠገብሽ ቆማ ነበር፣ እኔ ከሩቅ አይቻለሁ፣ ለምን ዘለልሻት አለ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ለጠዋቱ ወሬ ስሰበስብ እውል ጀመር። በዚያ ሁሉ ባዶነት ውስጥ አንድ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ ማለት ነው።

አንድ ምሽት ለአባቴ ስለ ሞገዱ ነገርኩት። ለምን እንደዚያ እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሳየው ስለዋልኩ ይሆናል። ሞገድ መንጠቆ አይደለም አልኩት። ከላይ አይታጠፍም፤ መጀመሪያ ከሥሩ ውሃው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሥሩ ይጠቁራል፣ ራሱ የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ነው።

"አርባ ዓመት የሠራሁትን ዛሬ ልታርሚኝ ነው?" አለ። ዘጋው።

በማግስቱ አላነሳም። በሚቀጥለውም አላነሳም። ተቀይሞኛል ብዬ፣ ደግሞ አበዛው ብዬ ራሴም ተቀየምኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስደውል ተነሳ። ስልኩ ተበላሽቶ ነበር አለኝ፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። "እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? ዛሬስ ባሕሩ ምን ይመስላል?"

አባቴ እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኩት። አዳመጠኝ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ያዮና ስለ ወሬው ነገርኩት፤ በቦታው ሳቀ፣ በቦታው ዝም አለ። ኩርፊያው ይሆናል ያለሰለሰው ብዬ አሰብኩ። እያደር ሥራዬንም ያመሰግን ጀመር፤ ጎበዝ፣ አይዞሽ፣ ቀጥይበት። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስልኩን የያዝኩባቸው ምሽቶች ነበሩ። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ያን ያህል አውርቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ስልኩን የምዘጋው እኔ ሆንኩ። እስክሰናበተው ይጠብቀኛል።

በእነዚያው ቀናት ያዮ ይሸሸኝ ጀመር።

መጀመሪያ አልገባኝም። አንድ ጠዋት ብነሳ ጀሪካኑ በሬ ላይ ተቀምጧል፣ ሰውየው የለም። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው ሆነ። ምግቡን በክዳን ሸፍኖ ደጄ ባለው ጉርድ በርሜል ላይ ያስቀምጥና ሳልደርስ ይሄዳል። ወደ ሞተሩ ሲሄድ በአስፋልቱ ያልፍ የነበረው ሰው አሁን በኮረብታው ጀርባ ዞሮ፣ ያንን ሁሉ ድንጋይ ረግጦ ይሄዳል። ከሩቅ እጄን ሳነሳ እጁን ያነሳል፤ አይቀርብም።

ምን አጠፋሁ ብዬ ያላሰብኩት የለም። ሳያውቅ ከጀርባው ስዬው ነበር፤ ምናልባት አይቶት ተቀይሞ ይሆናል ብዬ ሥዕሉን ጠቅልዬ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ በዚያው ጥቅል፣ ሳይፈታ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ስሰበስብ የምውለው ወሬ የሚሰጠው ሰው አጣ። ቀይ እግር ያላት ወፍ ተመልሳ መጣች፤ ለማን እናገራለሁ? ጮክ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ፤ ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘግቼ እሠራ ነበር። እስከ ምሽት፣ እስከ ስልኩ ድረስ።

የእንግዳው ቀን ሲቃረብ አባቴን ጠየቅኩት። እምቢ ቢል የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ መኪናው በር ድረስ እንደሚመጣ፣ ሐኪም መንገድ ላይ እንዳለ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እንደሆነ።

"እመጣለሁ" አለ። "ለምን አልመጣም?"

ያዘጋጀሁት ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። ትልቁን ሸራ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ አንድ ሞገድ ብቻ፣ ውሃው ከሥሩ ሲሳብ፣ ሥሩ ጥቁር ሆኖ። አባቴ ፊት ለፊቱ ቆሞ እየተከራከረኝ ይታየኝ ነበር።

የእንግዳው ክፍል ከእኔ አጠገብ ነው። ሁለት አልጋ ሊገባበት ይችላል፤ ያለው አንድ ነው፣ ፍራሹም ከገዙት ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች እንግዳ ጠርተዋል፤ እንግዶቹ ወኪል ልላክ ወይ ብለው ጠይቀው፣ አይቻልም ሲባሉ ቀርተዋል። ክፍሉን ማሰናዳት የያዮ ሥራ ነው። ስለዚህ አሁን እንደምንም ብዬ ማግኘት ነበረብኝ።

ሞተሩ ቤት ውስጥ አገኘሁት። በሩ አንድ ስለሆነ መውጫ አልነበረውም። እጁ ላይ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጠና በእኔ አልፎ ባሕሩን ማየት ጀመረ። አባቴ ሊመጣ ነው፣ አልጋውን አንጥፍልኝ፣ ሽማግሌ ስለሆነ ብርድ ልብስ ጨምር አልኩት። ቁልፉን መልሶ አነሳ። አልሰማህም እንዴ አልኩት።

"አልጋውን አላነጥፍም" አለ።

የተቆጣ መሰለኝ። ሥራው እንደሆነ፣ የሠራሁት ጥፋት ካለ እንዲነግረኝ ተናገርኩ። ድምፄ እየጨመረ ሄዶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጮክ ብዬ ስላልተናገርኩ ልኩ ጠፍቶኛል። ያዮ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው ፊቱን በደንብ ያየሁት። ከስቷል።

"የውሸት ወሬ በአፍ ብቻ አይደለም የሚነገር። አልጋ ያነጠፍኩ እንደሆነ ሰው ይመጣል ማለቴ ነው" አለ። ቀጥሎም፦ "አትጠይቂኝ። ቃል አስገብተውኛል። ከጠየቅሽኝ ግን እነግርሻለሁ፤ ሌላ አላውቅም።"

ሞተሩ ይሠራ ነበር። እኔ ያደግኩት መርዶ በሚደበቅበት አገር ነው። ርቆ ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞት ብቻውን አይነገረውም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል በሩን አንኳኩቶ፣ ይዞት እያለቀሰ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይዋሻል። ደህና ነው ይሉታል፣ ትንሽ አሞታል ይሉታል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ይሉታል። በዚህ መልኩ የአንድ አጎቴን ሞት ለአክስቴ ልጅ ስንደብቅ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ስለዚህ ያዮ ያንን ሲል ገባኝ። አልጠየቅኩትም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቀኑን ሙሉ አልሠራሁም። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬን ውሃው እየነካው ይመለስ ነበር። የገባኝ ነገር ልክ ላይሆን ይችላል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ። ፀሐይ ስትገባ ስልኩን አነሳሁ።

"አባዬ" አልኩ።

"ወዬ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ዋልሽ? ዛሬስ ባሕሩ ምን ይመስላል?"

"አንተ ራስህ ነህ?"

ዝም አለ።

መስመሩ አልተቋረጠም። የሆነ ሰው ከማዶ ያለ ይመስል ትንሽ የክፍል ድምፅ፣ ትንሽ አየር ይሰማል። አባቴ ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። ይሰድበኝና ይዘጋው ነበር። ጠበቅኩ፤ እንዲሰድበኝ የለመንኩ ይመስለኛል፣ ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ አላስታውስም። ዝምታው እንዳለ ስልኩን ሰቀልኩት።

ገና ብርሃን ሳይጠፋ ወደ ያዮ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሞ የምመጣበትን መንገድ እያየ ነበር። አሁን አልጠይቅህም አልኩት። ነገ ሊነጋ ሲል ና፣ በሬን አንኳኳ፣ ያኔ እጠይቅሃለሁ። በእኛ ወግ እንደዚያ ነው የሚነገረው። ራሱን ነቀነቀ።

"ብቻህን ደግሞ አትምጣ" አልኩት። "ሰው ያስፈልጋል።"

"ሰው ከየት አመጣለሁ?" አለ።

እኔም አላውቅም ነበር።

እንቅልፍ የወሰደኝ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ የነቃሁት በማንኳኳቱ ነው። መስኮቱ ገና ግራጫ ነበር። ከበሩ ውጪ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። የሴቶች ለቅሶ፣ የአጎቴ የታፈነ ሳል፣ የአክስቴ የእናትነሽ "ወይኔ ልጄን" የሚለው ድምፅ። መጥተዋል። ያንን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ ለእኔ ብለው መጥተዋል። ሐዘኑን ረስቼ ልቤ ዘለለ፤ በባዶ እግሬ ሮጬ በሩን ከፈትኩት።

ያዮ ብቻውን ቆሟል። የቢሮውን የመገናኛ ሬዲዮ በሁለት እጁ፣ እንደ ታቀፈ ሕፃን፣ ደረቱ ላይ ይዞታል። ለቅሶው የሚመጣው ከዚያ ነበር። ሌሊቱን እህቴን ማክዳን አግኝቷት፣ እሷ ዘመድ ሁሉ ጠርታ፣ ሁሉም እሺ ብለው፣ ይኸው። ያለቀሱት በደንብ ነው። የአክስቴ ድምፅ ሊሰበር የሚገባው ቦታ ላይ ይሰበራል። የአጎቴ ልጆች ስሜን እየጠሩ፣ የአባቴን ደግነት እየዘረዘሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደርብ በተራ ያለቅሳሉ። ያዮ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ነበር።

"ከእናንተ ውስጥ ራሱ ያለ ማነው?" አልኩ።

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። አክስቴ በቃሏ መሐል ቆመች። ባሕሩ ይሰማ ጀመር፣ ከዚያ ሞተሩ። ያዮ ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም አገላብጦ አየው።

ከሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ።

"እኔ አለሁ፣ ኤልዱ" አለች ማክዳ። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ እንደ ጉንፋን። "እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም።"

ሰው ይዛ ልትመጣ መለመኗን ነገረችኝ። ሁሉም ወኪሌ ትሂድ፣ ወኪሌ ይሂድ አሏት። ብቻዋን መጥታ ብቻዬን ልታረዳኝ አልሆነላትም፤ ለእንግዳው ቀን ግን ማንም ቢቀር ልትመጣ ቆርጣ ነበር። እስከዚያ እንዳልደነግጥ ብላ በድሮ ስልኮቹ ከተቀዳው ድምፁ ለአባታችን ወኪል አወጣችለት፤ ከሞተ በኋላ። ይቅር በይኝ አለች፣ ደጋግማ። አልተቆጣኋትም። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ይቅር ብያለሁ ስላት ማልቀስ ጀመረች፤ የእሷ ለቅሶ አያምርም ነበር፣ ትንፋሿ እያጠራት መሐል ላይ ይቋረጣል። ያዮ ሬዲዮውን ደረጃው ላይ አስቀመጠው፣ እሱም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

"አሁን ጠይቂኝ" አለ።

"ምን አለ?" አልኩት።

ያዮ ከመጀመሪያው ጀመረ። ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻውን የተሸከመውን፣ በኮረብታው ጀርባ እየዞረ ያሸሸውን ወሬ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አወጣው። የአሳ ቤቱ ሰይድ ለማክዳ ነግሯታል፣ ማክዳ ለእሱ ነግራዋለች፤ ሁለቴ ጠይቆ አጣርቷል። አባቴ ስልኩን በዘጋብኝ ማግስት፣ ጠዋት፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ወደ አሳ ቤቱ ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን መንጠቆዎች ከበሩ ጀምሮ በነጭ ደፈናቸው። ሰይድ ወጥቶ ምን ሆንክ፣ ደህና የነበረውን ምን አደረገህ አለው።

"'ልጄ ተሳስተሃል አለችኝ' ብሎ መለሰለት" አለ ያዮ።

እንደገና ሣለው። ውሃውን ከሥሩ ሳበው፣ ሥሩን አጠቆረው። እስከ ቀትር ግማሹን አደረሰ። ከዚያ ደከመኝ ብሎ ከመሰላሉ ወረደ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎ ቤቱ ሄዶ ተኛ። በዚያው አልተነሳም። ሰይድ ግድግዳውን አልነካውም፤ ግማሹ መንጠቆ፣ ግማሹ ሞገድ ሆኖ እስካሁን አለ። ቀብሩ ላይ ብዙ ድምፅ ነበር፤ የእኔ ወኪል ከሁሉም በላይ አልቅሳለች፣ ሰውም እህትሽ አንጀት ትበላለች ብሎ ለማክዳ ነግሯታል። ሬሳውን በአካል የሸኙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሰይድ አንዱ ነው።

ያዮ ዘለልኩት የሚለው ነገር እንዳለ ለማየት ጥቂት አሰበ። አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ደርሳ ነበር፤ ትልቁ ሸራ ከነድንጋዩ እዚያው ቆሟል። በወጉ መሠረት ተራው የእኔ ነው። ያዮ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

"አንቺስ፣ ምን አለ?" አለ።

ወፏ ተመልሳ እንደመጣች ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

"አባቴ ሞተ" አልኩት።

ያዮ ከእኔ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ።